የ1861ዱን የወርቅ ሳንቲም ከመግዛትዎ በፊት

ሰላም ለእርስዎና ለቡድናችን አባላት በሙሉ። አንድ ሻጭ በ1861 የታተመ የ2.50 ዶላር የአሜሪካ የወርቅ ሳንቲም «ፕሩፍ ነው» ብሎ እንዳቀረበልዎ፣ ሳንቲሙ እንደ መስታወት ቢያበራም በመርማሪ ድርጅት (ሳንቲምን መርምሮ፣ ደረጃ ሰጥቶ በመያዣ በሚያሽግ ድርጅት) ያልታሸገ መሆኑን፣ ዋጋውም ከተለመደው የፕሩፍ ዋጋ ዝቅ ማለቱን ጽፈው፣ በዚህ ጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ቀደምቶቹ ፕሩፎች መሻገር ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። በሜሪላንድ ስኖር ከ20 ዓመት በላይ እነዚህን ሳንቲሞች ስለተከታተልኩና እንዲህ ባለ ግዢ ገንዘቤን ስለከሰርኩ፣ መልሴን ረዘም ማድረጉን መርጫለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ መጥራት ያለበት የቃሉ ትርጉም ነው። ብዙ ሰው ፕሩፍ ሲባል በጣም ንጹሕና ያልተነካካ ሳንቲም ማለት ይመስለዋል። ፕሩፍ ግን የአሠራር ስም ነው፤ የማተሚያው ብረት ተወልውሎ፣ የሚታተመውም ክብ ወርቅ ተመርጦና ተወልውሎ፣ ከተራው በበረታ ግፊት፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ጊዜ በላይ ተመትቶ የወጣ ሳንቲም ነው። በመሆኑም ፕሩፍ ሆኖ የተሠራ ሳንቲም ኪስ ለኪስ ሲዞር ቢፋቅና ቢደበዝዝ እንኳ ፕሩፍነቱ አይለቀውም፤ ለገበያ ተብሎ የታተመው ደግሞ ምንም ያህል ቢያበራ ፕሩፍ አይሆንም።

ለርስዎ ጥያቄ ይህ ልዩነት ወሳኝ ነው። በ1861 የፊላዴልፊያው የመንግሥት ሳንቲም ማተሚያ ቤት ያወጣው ተራ የ2.50 ዶላር ሳንቲም ከ1 ሚሊዮን በላይ ነው። የፕሩፎቹ ቁጥር ግን 90 ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚያም ብዙዎቹ ገዢ አጥተው እዚያው ተመልሰው ቀልጠዋል። አዲስ ወይም ገና የተወለወለ የማተሚያ ብረት ደግሞ መጀመሪያ ላይ የሚመታቸውን ተራ ሳንቲሞች መስታወት አስመስሎ ያወጣቸዋል፤ በሰብሳቢዎች ዘንድ «ፕሩፍ መሰል» የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ያለ ምርመራ የቀረበ የሚያበራ የ1861 ሳንቲም ከእነዚህ አንዱ የመሆኑ ዕድል እጅግ የሰፋ ነው።

እኔም የተሳሳትኩት እዚሁ ላይ ነው። በ1880ዎቹ ከታተሙት የ1 ዶላር የወርቅ ሳንቲሞች አንዱን፣ ስሙን ከማልጠቅሰው ነጋዴ፣ በፕሩፍ ዋጋ ገዛሁ። ቤቴ ገብቼ ጠረጴዛ መብራት ሥር በአጉሊ መነጽር ሳየው ባዶው ገጽ ፊቴን እስኪያሳይ ድረስ ያበራ ስለነበር ተደሰትኩ። ለምርመራ ከላክሁት በኋላ ግን ተራ ሳንቲም ነው፣ ገጹም በሰው እጅ ተወልውሏል ተብሎ ያለ ደረጃ ተመለሰልኝ። የብዙ ወራት ቁጠባዬ ነበር። እንደገና በመነጽር ሳየው፣ መጀመሪያ ማየት የነበረብኝን ሁሉ አየሁ፤ ብርሃኑ ሰፊው ቦታ ላይ ደምቆ፣ በዓመተ ምሕረቱ አኃዞች መካከልና በፊደላቱ ሥር ሲደርስ ይደበዝዝ ነበር። የፀጉር ያህል የቀጠኑ ጭረቶችም ከባዶው ገጽ ተነሥተው በፊደላቱ አናት ላይ ተሻግረው ያልፉ ነበር።

እነዚህን ጭረቶች መለየት ይልመዱ። የማተሚያው ብረት ሲወለወል በብረቱ ላይ የሚቀሩት ጭረቶች በሳንቲሙ ላይ ወደ ላይ ብቅ ብለው ይወጣሉ፤ ፊደልና ምስሉ በብረቱ ላይ ጎድጉደው የተቀረጹ በመሆናቸው መወልወያው እዚያ አይደርስም፤ ስለዚህ መስመሩ ፊደሉ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ሳንቲሙ ራሱ በጨርቅ ሲታሽ የሚፈጠሩት ጭረቶች ግን ወደ ውስጥ የገቡ ናቸው፤ ፊደሉንም ምስሉንም ሳይለዩ ያቋርጣሉ። በእውነተኛ ፕሩፍ ላይ የመስታወቱ ብርሃን በከዋክብቱ ጫፎች መካከልና በአኃዞቹ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በ19ኛው መቶ ዘመን የወርቅ ፕሩፎች ላይ ደግሞ፣ ሳንቲሙን በአንድ አምፖል ሥር ቀስ እያሉ ሲያዘነብሉት፣ ገጹ እንደ ብርቱካን ልጣጭ በስሱ ሲርገበገብ ይታያል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ዓይን በቀላሉ አይረሳውም።

ከዚህ በኋላ ወደ ጠርዙ ይሂዱ። ፕሩፉ በበረታ ግፊት ስለተመታ ወርቁ የቅርጹን ጥግ ሞልቶታል፤ ፊቱና ጎኑ የሚገናኙበት ቦታ ስለት ያለው ማዕዘን ይሆናል። በተራው ሳንቲም ላይ ያው ቦታ ለስለስና ክብ ያለ ነው። ሚዛንም ይኑርዎ፤ የዚያ ዘመን የ2.50 ዶላር ሳንቲም 4.18 ግራም ይመዝናል፣ ስፋቱ 18 ሚሊ ሜትር ያህል፣ የወርቁ ንጥረት 90 በመቶ ነው። ሚዛኑ ሐሰተኛ ወርቅን እንጂ ፕሩፍ መሰልን አይነግርዎትም።

ወደ ቀደምቶቹ እንመለስ። ማተሚያ ቤቱ ፕሩፍን ለሕዝብ በሰፊው መሸጥ የጀመረው ከ1858 ገደማ ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት ለባለሥልጣናት፣ ለስጦታና ለጥቂት ወዳጆች ስለነበረ፣ ብዛታቸው በመደበኛ መዝገብ አልሰፈረም። የታወቀው ምሳሌ በ1834 የተዘጋጀው ስብስብ ነው፤ የአሜሪካ መልእክተኛ ኤድመንድ ሮበርትስ በ1836 ለሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ያደረሰው ይህ ስጦታ፣ የ10 ዶላር ሳንቲም ኅትመት ከ1804 ወዲህ ተቋርጦ ስለነበር፣ 1804 የሚል ዓመት የተቀረጸበት አዲስ የ10 ዶላር ወርቅ ተሠርቶለት ነበር። የማተሚያ ቤቱ ዋና ሳንቲም መቺ አዳም ኤክፌልት ያማሩትን ሳንቲሞች እየለየ ባያስቀምጥ ኖሮ፣ ዛሬ በዋሽንግተን ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የሚገኘው ብሔራዊ ስብስብ ይህን ያህል ባልበለጸገ ነበር።

የቀሩት ለምን ጠፉ ቢሉ፣ መልሱ የወርቁ ዋጋ ነው። እስከ 1834 ድረስ የ5 ዶላሩ ሳንቲም 8.75 ግራም ይመዝን ስለነበር፣ በውስጡ ያለው ወርቅ በገበያ ከ5 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ነጋዴዎችም ወደ ውጭ እየላኩ ያቀልጡት ነበር። በ1834 የወጣው ሕግ ክብደቱን ወደ 8.36 ግራም ዝቅ እስኪያደርገው ድረስ ማቅለጡ ቀጠለ። ተራ ኅትመት የሆነው የ1822 የ5 ዶላር ሳንቲም 17,796 ያህል ተመትቶ ዛሬ የሚታወቁት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ከእነሱም ሁለቱ ስሚዝሶኒያን ውስጥ አሉ። ተራው እንዲህ ከጠፋ፣ የዚያ ዘመን ፕሩፍ ምን ያህል ብርቅ እንደሆነ ይገምቱ።

በቀደምቶቹ ላይ ባለሙያዎችም ይከራከራሉ። በ1841 ፊላዴልፊያ የታተመው የ2.50 ዶላር ሳንቲም፣ ሰብሳቢዎች «ትንሿ ልዕልት» የሚሏት፣ ለረጅም ዘመን በፕሩፍነት ብቻ እንደተሠራች ይታመን ነበር። ከቀሩት ውስጥ ግን ብዙዎቹ በገበያ ሲዞሩ የተፋቁ ናቸው፤ ስለዚህ ጥቂቶቹ ከመነሻው ለገበያ የተመቱ ናቸው የሚለው አስተያየት እየበረታ መጥቷል። እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ፤ ሆኖም እዚህ ላይ የሚፈርደው ክርክር ሳይሆን የእያንዳንዱ ሳንቲም ጠርዝና ገጽ ነው።

ገንዘብዎ መካከለኛ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። በሮቸስተር ከተማ የፎቶ ዕቃ አምራቹ የኮዳክ ሠራተኛ የነበረው ሰብሳቢ ጆን ጄይ ፒትማን ሀብታም ሰው አልነበረም፤ በ1954 ካይሮ ላይ የቀድሞው የግብጽ ንጉሥ የፋሩቅ ስብስብ ሲሸጥ ቤቱን አስይዞ ተበድሮ ሄዶ ገዝቷል። መበደሩን አልመክርዎትም። የምመክርዎ ያየውን የማወቅ ትዕግሥቱን ነው። ትልልቅ አጫራቾች ከጨረታው በፊት ሳንቲሞቹን ለተመልካች ያቀርባሉ፤ እኔ በባልቲሞር በሚካሄደው የሳንቲም ትርኢት ላይ፣ መግዛት የማልችላቸውን ፕሩፎች በመነጽር ሳይ ያሳለፍኳቸው ሰዓታት ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ አስተምረውኛል።

ለመጀመሪያ ግዢ ከ1884 እስከ 1889 የታተሙት የ1 ዶላር ፕሩፎች ይመቻሉ፤ በየዓመቱ ከ1,000 በላይ ተሠርተዋል፣ በ1889 ደግሞ 1,779። ፕሩፍ መሰሎችም በእነዚሁ ዓመታት ብዙ ስለሆኑ፣ በመርማሪ ድርጅቶቹ በፒሲጂኤስ ወይም በኤንጂሲ ተመርምሮ ያልታሸገ አይግዙ። የገዙትንም በምንም አይጥረጉ፤ ወርቅ ለስላሳ ስለሆነ በአንድ ጨርቅ የሚጠፋው ገጽ አይመለስም።

የ1861ዱን በተመለከተ፣ ሻጩ ሳንቲሙን በእርስዎ ወጪ ለምርመራ ለመላክና ፕሩፍ ካልተባለ ገንዘቡን ለመመለስ በጽሑፍ ይስማማ እንደሆነ ይጠይቁት። እስከዚያው የጠርዙን፣ የዓመተ ምሕረቱን አኃዞችና የከዋክብቱን ፎቶ በአንድ አምፖል ብርሃን በቅርበት አንስቶ ይላክልዎና እዚህ ይለጥፉት፤ አብረን እናየዋለን።