«ፋንሲፉል» እና «ፋንታስቲካል»

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የሕፃናት መጻሕፍት እተረጉማለሁ። መዝገበ ቃላቴ «ፋንሲፉል» እና «ፋንታስቲካል» የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት ሁለቱንም «ምናባዊ» ይላቸዋል። በእርግጥ ልዩነት የላቸውም?

መልስ፦ አላቸው። ሁለቱን በአንድ «ምናባዊ» የሚጠቀልሉ ሰዎች ሥራ ያቃለሉ ይመስላቸዋል እንጂ አንባቢን ያደናግራሉ። «ፋንታስቲካል» የሚባለው ነገሩ ራሱ ከተፈጥሮ ሥርዓት ሲወጣ ነው፤ የለገሃሩ የይሁዳ አንበሳ ሌሊት ከመቆሚያው ወርዶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሲወጣ የሚተርክ ጽሑፍ ፋንታስቲካል ነው። «ፋንሲፉል» ግን ከነገሩ ይልቅ አሳቢውን ይመለከታል። «ፒያሳ» የሚለው ስም አደባባይ ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል መምጣቱ እየታወቀ ከግዕዝ ሊያወጣው የሚታገል ሰው ቢኖር፣ በትንታኔው ውስጥ አንድም ተአምር ባይገኝ እንኳ፣ ማስረጃ ሳይኖረው ልቡ የወደደውን ፈጥሯልና ትንታኔው ፋንሲፉል ነው። ስለ ሥዕልና ስለ ጌጥ ሲነገር ግን ቃሉ ነቀፋ የለበትም፣ የጨዋታ መንፈስን ያሳያል።

«ግንዳቸው አንድ ነውና ትርጉማቸውም አንድ ነው» የሚል መከራከሪያ ሰምቻለሁ። ግንዳቸው በእርግጥ አንድ ነው፤ «ፋንሲ» የ«ፋንታሲ» አጭር መልክ ሲሆን፣ ሥሩ በጥንታዊ ፈረንሳይኛና በላቲን በኩል አልፎ ማሳየትንና መታየትን ከሚገልጸው የግሪክኛ ግስ ይደርሳል። ከዚሁ ግስ የተወለደው «ፋንታስማ» በማቴዎስ ወንጌል 14፥26 ደቀ መዛሙርቱ ጌታ በባሕር ላይ ሲሄድ አይተው የጮኹበት ቃል ነው፤ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም «ምትሐት ነው» ይለዋል። ሆኖም ሐሳብና ሒሳብም ሥራቸው አንድ ነው፤ ሐሳብ ያመጣልኝ ሁሉ ግን ሒሳቤን አይከፍልልኝም። እንግሊዛዊው ገጣሚ ኮልሪጅ በ1817 እ.ኤ.አ. «ፋንሲ»ን ከ«ኢማጂኔሽን» ለይቶ፣ የመጀመሪያውን ትዝታን ከማገጣጠም ያልዘለለ ኃይል አድርጎታል። «ምናብ» የሚለው የእኛ ቃል የሚገባው ለሁለተኛው ነው።

ስለዚህ እኔ «ፋንታስቲካል»ን «ምትሐታዊ»፣ «ፋንሲፉል»ን «ልብ የወለደው» እላለሁ። «ምትሐት» ለዛሬ ጆሮ የአስማተኛ ትርኢት እንደሚመስል አይጠፋኝም፤ «ምናባዊ»ም ቢሆን የኮምፒውተሩን ዓለም ሳይቀር ይዞታልና፣ ቢከፋኝም፣ ከእንግዲህ የሚመልሰው የለም። ለሕፃናት «ምናባዊ ተረት» ብለው ቢጽፉ የሚቸገር አንባቢ አይኖርም። «ምናባዊ ትንታኔ» ካሉ ግን አንባቢው ትንታኔው ተመሰገነ ወይስ ተነቀፈ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።