ክራሩ ሳይንስ ነው ወይስ የእጅ ሥራ?

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ጥያቄ፦ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ዐውደ ርእይ ከዘይት ቆርቆሮ፣ ከባሕር ዛፍ እንጨትና ከዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ክራር ሠርቼ፣ ዙሪያውን በቀለም አስጊጬ አቀረብኩ። በትዝታ ቅኝት ተቃኝቶ ደህና አድርጎ ይጫወታል። የፊዚክስ መምህራችን ግን አይተውት «ይህ የእጅ ሥራ ነው፤ ሳይንሱ የታለ?» አሉኝ። የሥነ ጥበብ መምህርታችን ደግሞ ሥዕሉ ክራሩ ላይ የተለጠፈ እንጂ ከክራሩ የወጣ አይመስልም አሉ። ከዚያ ወዲህ ድምፅን በዓይን ለማሳየት ብዬ ጣሳ ላይ ፊኛ ወጥሬ አሸዋ ነሰነስኩበት፤ ስዘፍንበት ግን አሸዋው ወደ አንድ ጎን ተንሸራትቶ ይከመራል። የቀረኝ ሦስት ሳምንት ብቻ ነው። ክራሩን ትቼ ሌላ ነገር ልጀምር?

ስሜ አይጻፍ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ክራሩን አትተወው። ቅር እንዳይልህ እንጂ ሁለቱም መምህራን ልክ ናቸው፤ ደግሞም የሁለቱ ነቀፋ አንድ ነው። ክራር መሥራት፣ ክራር መጫወትና ክራር መቀባት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ሆነው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንጂ ሦስቱም የሚመልሱት አንድ ጥያቄ የላቸውም። በዳኝነት በተቀመጥኩባቸው የተማሪዎች ዐውደ ርእዮች ሁሉ ቢያንስ አንድ በኮምጣጤና በቤኪንግ ሶዳ የሚገነፍል እሳተ ገሞራ አይጠፋም ነበር፤ ሠሪው ግን ኮምጣጤው በእጥፍ ቢጨመር ምን እንደሚሆን ሲጠየቅ ዝም ይላል። አንተን ከዚህ የሚያድንህ ጥያቄ ደግሞ ክራርህ ውስጥ አለ፤ እሱም «ድምፅ የሚቀጥነው በምን ምክንያት ነው?» የሚለው ነው።

በአማርኛ ድምፅን «ቀጭን» እና «ወፍራም» የምንለው ክርን በምንጠራበት ቃል መሆኑን ልብ ብለኸው ታውቅ ይሆን? ቋንቋው የሕጉን አንድ ሦስተኛ አስቀድሞ ነግሮሃል፤ ቀጭን ክር በእርግጥም ቀጭን ድምፅ ይሰጣል። ቀሪዎቹ ሁለት ሦስተኛዎች ርዝመትና ውጥረት ናቸው። ፈረንሳዊው የሃይማኖት ሰውና የሒሳብ ሊቅ ማሪን መርሴን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1636 ሦስቱንም በቁጥር አስቀምጧቸዋል። ክሩን በግማሽ ብታሳጥረው በሴኮንድ የሚርገበገብበት ቁጥር፣ ማለትም ድግግሞሹ፣ እጥፍ ይሆናል፤ ከአንድ ዓይነት ነገር የተሠራ፣ ውፍረቱ ግማሽ የሆነ ክር ብትጠቀምም እንዲሁ እጥፍ ይሆናል፤ በውጥረት እጥፍ ለማድረግ ግን የሚወጥረውን ኃይል አራት እጥፍ ማድረግ አለብህ። እዚህ ላይ የአገራችን መሣሪያዎች ሥራውን የተከፋፈሉ ይመስላሉ። በክራር አውታሮቹ በርዝመት እምብዛም ስለማይለያዩ ቃኚው የሚያዝበት በቀንበሩ ላይ የሚጠመጠመው ክር ውጥረት ነው፤ ባለ አንድ አውታሩ ማሲንቆ ከተቃኘ በኋላ ጣት የሚቀያይረው ርዝመትን ነው፤ ዋሽንት ደግሞ ክር ባይኖረውም ቀዳዳዎቹ ሲከፈቱና ሲዘጉ የሚያጥረውና የሚረዝመው በሸምበቆው ውስጥ ያለው አየር ነው።

መምህርህ «ሳይንሱ የታለ?» ያሉትን ለመመለስ በመጀመሪያ የውጥረቱን ሕግ በሃይላንድ ጠርሙስ ፈትሸው። አንድ ረዘም ያለ ሳንቃ ላይ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሁለት ብርኩማዎች፣ ማለትም ክሩ የሚያርፍባቸው ትንንሽ ድጋፎች፣ አቁም፤ ናይለኑን በአንዱ ጫፍ በሚስማር አስረህ በሌላው ጫፍ ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች ውኃ የተሞላ ባለ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ አንጠልጥልበት። ነክተህ ድምፁን በስልክ መቃኛ አፕሊኬሽን ለካ፤ ከዚያ ጠርሙሱን በባለ 2 ሊትር ተካው። ውኃው አራት እጥፍ ስለሆነ ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም እጥፍ፣ መውጣት አለበት። የክርህ ውፍረት 0.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ120 ኸርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ 120 ጊዜ ከመርገብገብ፣ አካባቢ ተነሥተህ ወደ 240 አካባቢ ትደርሳለህ። በትክክል እጥፍ ካልመጣልህ ቁጥሩን አታስተካክለው፤ ምክንያቱን ፈልግ። ባዶው ጠርሙስ ራሱ ክብደት ስላለው ሁለቱንም ሱቅ ሄደህ በሚዛን አስመዝናቸው፤ ናይለንም ክብደት ሲሸከም ለጥቂት ደቂቃዎች እየተለጠጠ ይሄዳልና ሳይረጋ አትለካ፤ ክሩ ብርኩማው ላይ ሲፋተግ ደግሞ ክብደቱ ሁሉ ወደ መሐሉ ላይደርስ ይችላል። ዳኞች ይህን ከአፍህ ሲሰሙ የእጅ ሥራ ነው የሚል አይኖርም።

አሁን ወደ ትዝታህ እንምጣ፤ እኔ ብሆን ከሦስቱ ሳምንታት ሁለቱን የማውለው እዚህ ላይ ነው። ያንኑ የ60 ሳንቲ ሜትር ክር ወስደህ ውጥረቱን ሳትነካ ርዝመቱን ብቻ በተንቀሳቃሽ ብርኩማ አሳጥረው። ሙሉው ክር የመጀመሪያው ድምፅ ይሁን። ትዝታ ሙሉና ግማሽ የሚባሉ ሁለት ዓይነቶች አሉት፤ ሙሉውን የትዝታ ቅኝት በቀላል የቁጥር ንጽጽር ካሰላኸው ቀጣዮቹ ድምፆች 53.3፣ 48፣ 40 እና 36 ሳንቲ ሜትር ላይ ያርፋሉ፤ 30 ላይ የመጀመሪያው ድምፅ ቀጥኖ ይመለሳል። ግማሹን ትዝታ ስታሰላ ደግሞ ከእነዚህ መካከል የሚንቀሳቀሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ 48 የነበረው 50 ይሆናል፣ 36 የነበረው ወደ 37.5 ይሄዳል፤ ሌላው እንዳለ ነው። በሙሉ ትዝታና ሆድ በሚያባባው በግማሹ ትዝታ መካከል ያለው ልዩነት በአንተ ሳንቃ ላይ አንዴ 2 ሳንቲ ሜትር፣ አንዴ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህን ለጎብኚዎች በጣትህ እያሳየህ ብታሰማቸው ከየትኛውም የተቀባ ክራር ይበልጥ ቆመው ያዩሃል።

የመምህርትህም ጥያቄ መልሱ ከዚሁ ሳንቃ ይወጣል። የብራና መጻሕፍት ዳርና ራስጌ ላይ የሚሣለውን ሐረግ ታውቀዋለህ፤ በየተወሰነ ርቀቱ እየተቋጠረ የሚሄድ ጌጥ ነው። ከክሩ ሥር 60 ሳንቲ ሜትር የሚረዝም ወረቀት ዘርግተህ፣ ቋጠሮዎቹ በለካሃቸው ቦታዎች ላይ በትክክል የሚያርፉ ሐረግ ሣል። በቋጠሮዎቹ መካከል የሚኖሩት ክፍተቶች ወጥ አይደሉም፤ 6.7፣ ከዚያ 5.3፣ ከዚያ 8፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 6 ሳንቲ ሜትር ናቸው፤ ይህ ያልተስተካከለ እርምጃ ራሱ ለዓይን ምት ይሆናል። የግማሹን ትዝታ ሐረግ ከበታቹ በሌላ ቀለም ሣልና ሁለቱ የሚለያዩበትን ቦታ ተመልካቹ ራሱ ያግኘው። ያኔ ሥዕሉ ከክሩ የወጣ እንጂ የተለጠፈ አይሆንም፤ ሐረጉን ከሳንቃው ብታነሣው ሳይንሱም ይጎድላልና። ጊዜ ከተረፈህ ሌሎቹን ቅኝቶች፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ በዚሁ መንገድ ልትጨምር ትችላለህ፤ ሁለቱን አጥርቶ መሥራት ግን አምስቱን ከማዝረክረክ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። እነዚህን ቁጥሮች የሰጠሁህ በወረቀት ላይ አስልቼ ነው፤ የማሲንቆ ተጫዋች ግን የሚያርፈው በሒሳብ ሳይሆን በጆሮው ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ደግሞ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ለማግኘት አትቸገርም። አንዱን በትሕትና አስፈቅደህ ትዝታን በዝግታ፣ አንድ በአንድ እንዲያሰሙህ ጠይቅ፤ እያንዳንዱን ድምፅ በስልክህ ቅዳና ድግግሞሹን ጻፍ። ከዚያ ከስሌትህ ጋር አነጻጽር። ከተለያየ ተጫዋቹ ተሳስተዋል ብለህ እንዳትጽፍ፤ ስሌቱ የአንተ ግምት፣ የእርሳቸው አጨዋወት ደግሞ የተገኘው መረጃ ነው።

የአሸዋውን ነገር በአጭሩ። በፊኛው ላይ ስትዘፍን ትንፋሽህ ራሱ አሸዋውን ይገፋዋል፤ ላስቲኩም በሁሉም በኩል እኩል ካልተወጠረና ጣሳው ጥቂት እንኳ ካዘመመ አሸዋው ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይወርዳል። ጀርመናዊው ኤርንስት ክላድኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1787 ያሳወቀው ሙከራ ላስቲክ አያስፈልገውም፤ ስስ የብረት ዝርግ መሐሉ ላይ በብሎን ይታሰርና ጠርዙ በቫዮሊን ቀስት ይፈተጋል። ዝርጉ ሲርገበገብ አሸዋው ከሚናወጠው ቦታ እየዘለለ ወደማይናወጡት መስመሮች ይሰበሰባል፤ ጠርዙን በጣትህ በሌላ ቦታ ስትነካው ቅርጹ ይለወጣል፤ ድምፁ በቀጠነ ቁጥርም መስመሮቹ እየበዙ ይሄዳሉ። ክላድኒ ይህን በ1809 ፓሪስ ላይ ለናፖሊዮን አሳይቷል። አንተ በቫዮሊን ቀስት ፋንታ የማሲንቆ ደጋን ብትጠቀም ይሠራል። በአሸዋው ምትክ ደረቅ ደቃቅ ጨው መልካም ነው፤ እርጥበት ባለበት ሰሞን ግን ጨው ይረጥባልና ነጭ ጤፍ በጥቁር በተቀባ ዝርግ ላይ ሞክር። የሚወጡት ቅርጾች መስቀል መስቀል የሚመስሉበት ጊዜ ይኖራል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው የጥንት አንጥረኞች መስቀሎቻችንን ከድምፅ ቀድተው ሠሯቸው ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በመመሳሰል ብቻ እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ዘገባህን ያበላሸዋል።

በዘገባህ ላይ ቃላትህን ለይ። «ከፍ ያለ ድምፅ» ስንል ጩኸትን ማለታችን ይሁን ቅጥነትን አንባቢው ግራ ይጋባል፤ ስለዚህ ለጩኸቱ «ጉልህ»፣ ለቅጥነቱ «ድግግሞሹ የበዛ» በል። አዲስ አበባ የመምጣት ዕድል ካገኘህ በ6 ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያሉትን የሙዚቃ መሣሪያዎች ተመልከት፤ በተለይ የበገናን ብርኩማ ዝቅ ብለህ እየው። በአሥሩ አውታሮችና በብርኩማው መካከል የገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ናቸው ያን የሚነዝር ድምፅ የሚፈጥሩት። ለሚቀጥለው ዓመት ፕሮጀክትህ ጥያቄ ከዚያ ታገኛለህ።

ጥያቄ፦ የ6ኛ ክፍል ልጄ በእርጎ ኩባያዎች ቦሎቄ ዘርታ፣ ለሁለቱ ጠዋትና ማታ ሙዚቃ ትከፍትላቸዋለች፤ ሁለቱን ያለ ሙዚቃ ትታቸዋለች፤ በየቀኑም ሁሉንም ትሥላቸዋለች። ሥዕሎቿ ያምራሉ። ሙዚቃ የሰሙት ረዝመዋል ብላ ተደስታለች። እውነት ነው ብዬ ልመናት?

የልጅቱ እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሥዕሎቹን ይመኗቸው፤ ድምዳሜውን ግን ገና ነው። ሁለት ቦሎቄዎች ያለ ምንም ሙዚቃ ከሌሎች ሁለት ሊረዝሙ ይችላሉ፤ የዘሩ ብርታት ራሱ ይለያያልና። በእያንዳንዱ ወገን ቢያንስ አሥር ኩባያ ታድርግ፤ አፈሩ፣ ውኃውና ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እኩል ይሁን፤ የድምፅ ማጉያው ራሱ ሙቀት ስለሚሰጥ ሙዚቃ ከሌለውም ወገን አጠገብ ድምፅ የሌለው፣ ግን የበራ ሌላ ማጉያ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ስትለካና ስትሥል የትኛው ሙዚቃ እንደሰማ እንዳታውቅ ማድረግ ነው። እርስዎ ወይም ታላቅ ወንድሟ ኩባያዎቹን በቁጥር ምልክት አድርጋችሁ ዝርዝሩን ደብቁት፤ እስከ መጨረሻዋ ቀንም አትስጧት። የሚወደዱ ተክሎች በሥዕል ላይ ሳይታወቅ ይረዝማሉና ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን በማስመሪያ የተለካውን ቁመት በሚሊ ሜትር ትጻፍ። ልዩነት ካልተገኘም ሥዕሎቹ ከነቁጥራቸው ግድግዳው ላይ ይሰቀሉ፤ ርዕሱን ብቻ «ሙዚቃ ቦሎቄዬን አላስረዘመውም» ብላ ትለውጠው።