የአሜሪካ ገበሬ ዘር ሲፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ተጋብተን፣ ልጆቻችን የኬንታኪ ወይም የኦሃዮ ገበሬዎች የልጅ ልጅ የሆኑ ጥቂት አይደለንም። ስለዚህ ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የባለቤቴ ቤተሰቦች «ከ1700ዎቹ ጀምሮ ኬንታኪ ነን» ይላሉ። ከየት ልጀምር?

ከአማትሽ፣ እህቴ። በሕይወት ካሉት ተነስተሽ ወደ ኋላ ሂጂ። ብዙ ሰው ከአንድ ታዋቂ ሰው ጀምሮ ወደ ታች ሲወርድ የማያገባው ቤት ውስጥ ይገባል። የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ የሚከፈተው ከ72 ዓመት በኋላ ነው፤ አሁን እስከ 1950 ያለው ክፍት ነው። ከዚያ ወደ ኋላ በየአሥር ዓመቱ መውረድ ነው። 1890 ላይ ግን ትዘያለሽ፤ የዚያ ዓመት መዝገብ አብዛኛው በ1921 በተነሳ እሳት ጠፍቷል።

ከ1850 በፊት ያለው ቆጠራ ላይ ሚስትና ልጆች በስም የሉም። ታዲያ እንዴት ይገኛሉ?

እውነት ነው፣ እስከ 1840 ድረስ የሚጻፈው የአባወራው ስም ብቻ ነው። ሌላው ቤተሰብ በዕድሜና በጾታ ተቆጥሮ ያልፋል። ሚስቲቱን ከመሬት ሽያጭ ውል ፈልጋት። ባል መሬት ሲሸጥ፣ ዳኛው ሚስቱን ገለል አድርጎ «ወደሽ ነው ወይስ ተገደሽ?» ብሎ ይጠይቃት ነበር፤ ባሏ ቢሞት ከመሬቱ የሚደርሳትን የመበለት ድርሻ መልቀቋ ነዋ። ስሟ እዚያ ይሰፍራል። ሌላው የጡረታ ፋይል ነው። አሜሪካ ከእንግሊዝ ነጻ በወጣችበት ጦርነት የዘመቱ ሰዎች መበለቶች ጡረታ ለማግኘት ጋብቻቸውን ማስረዳት ነበረባቸው። አንዳንዶቹ የልጆቻቸው ልደት የተጻፈበትን ገጽ ከቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ቀደው ላኩ። ገጾቹ ዛሬም ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ናቸው።

የኛዎቹ አንድ ቦታ አይረጉም። ኬንታኪ፣ ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ... ምን ነክቷቸው ነው?

የመሬት ጣጣ ነው። ኬንታኪ ላይ መሬት የሚለካው «ከዚህ ዋርካ እስከዚያ ወንዝ» በሚመስል አነጋገር ነበር። ዛፉ ይወድቃል፣ ወንዙ አቅጣጫ ይቀይራል፤ አንዱን ማሳ ሦስት ሰው የኔ ነው ይላል። የፕሬዚዳንት ሊንከን አባት ቶማስ ኬንታኪ ውስጥ በመሬት ባለቤትነት ክርክር ስለተማረረ፣ በ1816 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኢንዲያና ተሻገረ። ልጁ ኋላ ሲጽፍ፣ በከፊል በባርነቱ ምክንያት፣ በዋናነት ግን በመሬቱ ጣጣ ነው ብሏል። ኢንዲያና ግን በ1785ቱ የመሬት ልኬት ሕግ መሠረት በካሬ በካሬ የተለካ ነው። ስድስት ማይል በስድስት ማይል የሆነ ታውንሺፕ፣ በውስጡ 36 ሴክሽን፣ እያንዳንዱ 640 ኤከር። ለእኛ ፈላጊዎች በረከት ነው፤ ከመንግሥት የተገዛ መሬት ሰነዱ በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። በርስት ዘመን አባቶቻችን መሬት ለማግኘት ዘር ይቆጥሩ ነበር። እዚህ ደግሞ ዘር ለማግኘት መሬት ይቆጠራል።

የአያት ስሙ አንድ ከሆነ ዘመድ ነው ማለት አይቻልም?

አይቻልም። በተለይ ስሚዝ ከሆነ ተወው። ሊንከን ራሱ በ1859 ስለ ዘሩ ሲጽፍ፣ ከኒው ኢንግላንድ ሊንከኖች ጋር ሊያገናኙት የሞከሩ ሰዎች የመጠሪያ ስሞች መመሳሰል ብቻ እንዳገኙ ተናግሯል። ኋላ ላይ ተመራማሪዎች ዝምድናውን በሰነድ ደረሱበት። ቤተሰቡ በ1637 ከእንግሊዝ ማሳቹሴትስ ከገባው ሳሙኤል ሊንከን ተነስቶ፣ በኒው ጀርሲ፣ በፔንሲልቬንያና በቨርጂኒያ አድርጎ ኬንታኪ ገባ። ሳሙኤልንና ፕሬዚዳንቱን ጨምሮ ሰባት ትውልድ። ስሙ ፍንጭ ሰጠ፣ ያረጋገጠው ግን ወረቀት ነው።

ልደቱ «1731/32» ተብሎ ተጽፏል። ስህተት ነው?

አይደለም። አሜሪካ ያሉት የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመትን የሚያከብሩት መጋቢት አጋማሽ ካለፈ በኋላ፣ በማርች 25 ነበር። ለዚህ ነው ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያሉ ቀኖች ሁለት ዓመት የሚይዙት። አቆጣጠሩ ሲለወጥ ቀኑም በ11 ቀን ተገፍቷል፤ ጆርጅ ዋሽንግተን በአሮጌው አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1731፣ በአዲሱ ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1732 ተወለደ። ለእኛ ሰው ይሄ ምኑ ይገርማል?

የባለቤቴ ወገኖች ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እነሱም ገበሬ ነበሩ።

በ1850ና በ1860 ባሪያ የነበሩት ለብቻ ተቆጥረዋል፤ በጌታው ስም ሥር፣ በዕድሜ፣ በጾታና በቆዳ ቀለም፣ ያለ ስም። በስም የምታገኛቸው ከ1870 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የጌታውን ኑዛዜና የንብረት ዝርዝር ማንበብ ግድ ነው። ስሙ ከከብቱ ጎን ከነዋጋው ተጽፎ ታገኘዋለህ። ያማል፣ ግን አንብበው።

ቅድመ አያታቸው ነብራስካ 160 ኤከር በነጻ አገኘ ይባላል። ማስረጃ አለው?

የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ ነው። ጥቂት የማመልከቻ ክፍያ፣ ከዚያ አምስት ዓመት ኖሮበት ማረስ። የባለቤትነት ወረቀቱ አንድ ገጽ ነው፣ ብዙም አይነግርም። ፋይሉ ነው ቁም ነገሩ፦ ቤቱ ስንት በስንት እንደነበር፣ ምን ያህል መሬት እንዳረሰ፣ ጎረቤቶቹ የሰጡት ምስክርነት፣ ከውጭ ከመጣም የዜግነት ወረቀቱ። የባለቤትነት ወረቀቱን ቁጥር ከመሬት አስተዳደር ቢሮው ድረ ገጽ ያዝና ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሙሉ ፋይሉን እንዲልክልህ ጠይቅ።