በጉበት ዲኤንኤ ውስጥ ምልክቱ የት ገባ?

ጥያቄህ ይሄ ነው፦ ለጎልማሳ አይጦች ናይትሮጅን-15 (ከተራው ናይትሮጅን በአንድ የሚከብድ፣ እንደ ምልክት የምንከተለው) ያለው ግላይሲን የሚባል አሚኖ አሲድ ሰጠህ፣ በሁለተኛው ቀን የጉበታቸውን ዲኤንኤ አውጥተህ በማስ ስፔክትሮሜትር (የሞለኪውል ክብደት በሚለካው መሣሪያ) አየህ፣ አዴኒኑ (ፒዩሪን ከሚባሉት የዲኤንኤ ክፍሎች አንዱ) ላይ ግን ምንም ለውጥ የለም። ግላይሲኑ ተበላሽቶ ይሆን ወይ ብለሃል።

ወንድሜ፣ ግላይሲኑን አትጠርጥር። የፈለግህበት ቦታ ነው ልክ ያልሆነው። የጎልማሳ አይጥ የጉበት ሴል እምብዛም አይከፋፈልም፤ ካልተከፋፈለ አዲስ ዲኤንኤ አይሠራም፣ ታዲያ ምልክቱ በየት በኩል ይግባ? ከዚያው አይጥ የትንሹን አንጀት የውስጥ ሽፋን ፍቀህ ውሰድ፤ እሱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይታደሳል። የአጥንት መቅኔም ጥሩ ነው። የግድ ጉበት ካልክ አርኤንኤውን እይ፤ ሴሉ ባይከፋፈልም እሱ ሁልጊዜ ይሠራል፣ ይፈርሳል።

ሌላም ነገር አለ፣ እሱ ደግሞ ብዙ ሰው ሲያደክም አይቻለሁ። ተራ አዴኒን በመሣሪያው ክብደት 136 ላይ ይወጣል። ምንም ሳትሰጠው እንኳ፣ በተፈጥሮ ባለው ከባድ ካርቦን-13 እና ናይትሮጅን-15 ምክንያት፣ የዚያ ፒክ (የንባቡ ጫፍ) 7 በመቶ የሚያህል 137 ላይ ይቀመጣል። ያንተ ምልክት የሚጨምረው አንድ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ከሆነ እዚያው ተውጦ ይቀራል። በሚቀጥለው ሁለቱም ካርቦኖቹ 13፣ ናይትሮጅኑም 15 የሆነ ግላይሲን ግዛ። ግላይሲን እንዳለ ነው የፒዩሪን ቀለበት ውስጥ የሚገባው፤ ካርቦን 4፣ ካርቦን 5 እና ናይትሮጅን 7 ይሆናል። ስለዚህ ሦስት ጨምሮ 139 ላይ ትፈልገዋለህ፣ እዚያ ደግሞ ተፈጥሮ ያስቀመጠው ነገር የለም ማለት ይቻላል። 137 ከፍ ቢል አትደንግጥ፤ ከግላይሲኑ የተነጠለ ካርቦን ፎርሜት በሚባል ባለ አንድ ካርቦን ውህድ መንገድ ዞሮ የቀለበቱ 2ኛውና 8ኛው ቦታ ላይ ይገባል። ምልክት ያልተሰጠው አይጥ ግን ጎን ለጎን ይሠራ፣ ይህን እባክህ አትዝለለው።

አንድ ጊዜ ጠቅላላ ናይትሮጅን-15 ለክተን ከፍተኛ ቁጥር ስላገኘን ተደሰትን፤ ለካ አርኤንኤው ላይ የቀረ ፕሮቲን ነበር። ፕሮቲን ራሱ ሲሠራ ግላይሲን ይገባበታል። ስለዚህ አርኤንኤውን በ1 ኖርማል ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 100 ዲግሪ ላይ ለአንድ ሰዓት አፍላና ፒዩሪኖቹን ለይተህ ለካ።

የምትፈልገው የቀለበቱን አሠራር ማየት ብቻ ከሆነ ግን አይጡን ተወው። በ1940ዎቹ ጆን ቡካናንና ባልደረቦቹ በፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት በርግብ ነው። ወፍ ትርፍ ናይትሮጅኗን የምታስወግደው በዩሪክ አሲድ ነው፣ እሱም ራሱ ፒዩሪን ነው፤ ስለዚህ ማረድ ሳያስፈልግ በየሰዓቱ ናሙና ታገኛለህ። ከኩሱ ነጩን ክፍል ብቻ ለይተህ ውሰድ።