ባዶ ዲቪዲ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁኝ

ደሴ ውስጥ የሠርግ፣ የኒካህና የክርስትና ቪዲዮ በማቀናበር የምተዳደር ሰው ነኝ። የጥር ሠርግ አልፎ ሁሉም «ለዘመድ የሚላክ ዲቪዲ» የሚልበት ሰሞን ስለሆነ ስለ ባዶ ዲስክ የሚያሳስባችሁን አምጡ። ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፤ ፒያሳ ላይ እንኳ ከሱቅ ሱቅ ይለያያል። ዓመተ ምሕረት ስጠቅስ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቁ ውስጥ ማይነስ አር (DVD-R) የሚልም ፕላስ አር (DVD+R) የሚልም ባዶ ዲስክ አለ። የአባቴ ማጫወቻ አሮጌ ነው፤ የትኛውን ልውሰድ?

መልስ፦ ማይነስ አር ውሰድ። እሱ በ1997 ሲወጣ ፕላስ አር የተከተለው በ2002 ነው፤ በመካከል የተሠሩ ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ፕላሱን አያውቁትም። አዲስ ማጫወቻ ካላቸው በሁለቱ መካከል ብዙ አትጨነቅ። ደጋግሞ የሚቀዳበትን አርደብሊው ግን ለአባትህ አትስጥ፤ ብርሃን የሚመልሰው በትንሹ ስለሆነ አሮጌ ማጫወቻ ይቸገርበታል። እኔ ለሙከራ ብቻ ነው የምጠቀምበት፤ ምናሌው ቴሌቪዥን ላይ እንዴት እንደሚታይ አይና አጠፋዋለሁ።

ጥያቄ፦ ማሸጊያው 4.7 ጊጋ ይላል፣ ኮምፒውተሬ 4.38 ያሳየኛል። ተጭበረበርኩ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ማንም አልሸወደሽም። ፋብሪካው አንዱን ጊጋ በአንድ ቢሊዮን ባይት ይቆጥራል፣ ኮምፒውተርሽ ደግሞ በ1024 እያባዛ። ዲስኩ ያው ነው።

ጥያቄ፦ የሦስት ሰዓት ሠርግ በአንድ ዲስክ አይገባም?

መልስ፦ ይገባል፤ የሚታይ መሆኑ ነው ጥያቄው። ማሸጊያው ላይ ያለው «120 ደቂቃ» በመካከለኛ ጥራት የተሰላ ነው እንጂ ዲስኩ ደቂቃ አይቆጥርም፣ ባይት ነው የሚቆጥር። ለቪዲዮው በሰከንድ 9 ሜጋቢት መረጃ ብትመድብለት አንድ ሰዓት ያህል ይይዛል፣ በ5 ሜጋቢት ሁለት ሰዓት። ሦስት ሰዓት ለማስገባት ድምፁን ጨምሮ ወደ 3.3 ሜጋቢት መውረድ አለብህ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ሲመርቁ ምንም አይታይህም፤ እስክስታው ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ አራት ማዕዘን ጡብ ይሆናል። የሠርጉን ቀን በአንድ፣ መልሱን በሌላ ዲስክ አድርገው። ባለ ሁለት ንብርብሩ ዲስክ 8.5 ጊጋ ይይዛል፣ ነገር ግን ውድ ነው፤ አሮጌ ማጫወቻም ንብርብር ሲቀይር ይንተባተባል። እኔ አልመክረውም።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። የቀዳሁት ዲስክ መጀመሪያው ጥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ ይቆራረጥና ቀጥ ይላል። አምስቱም እንዲሁ ሆኑብኝ።

መልስ፦ ከሚመጡልኝ ቅሬታዎች ይህን የሚበልጥ የለም። ዲቪዲ የሚቀዳው ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው፤ ስለዚህ የፊልምህ መጨረሻ የሚያርፈው ዲስኩ በጣም በሚደክምበት ቦታ ላይ ነው። መረጃው የሚጻፍበት ቀለም ጠርዝ አካባቢ ወጥ ሆኖ አይቀባም፣ ዲስኩ ትንሽ ከጎበጠ የሚታወቀው እዚያ ነው፣ የጣት አሻራም የሚበዛው እዚያው ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በ16 እጥፍ ፍጥነት (16x) ስትቀዳ መሣሪያው ያንን ፍጥነት የሚደርስበት ጠርዙ ላይ ሲቃረብ ነው።

ዲስኩን ወደ መስኮት ውሰደውና አዘንብለህ እየው። የተቀዳው ክፍል ካልተቀዳው ጠቆር ወይም ፈዘዝ ብሎ ቀለበት ይሠራል። ሳይቀዳ በፊት ወደ ጠርዙ እንደ ደመና ያለ ጉድፍ፣ ጭረት ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ ነጥብ ካየህ ለባለሱቁ መልሰው። ጤነኛ ከሆነ በ8 እጥፍ ቅዳው። በ16 ስድስት ደቂቃ የሚፈጀው በ8 ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ለሦስት ደቂቃ ብለህ ሠርግ አታበላሽ። «እንግዲያው በ1 እጥፍ ልቅዳ» የሚሉም አሉ፤ አይሆንም፣ የዛሬ ዲስክ ቀለም ለዚያ ዝግታ አልተሠራም። ዲስኩን እስከ አፉ አትሙላው፣ 4.2 ጊጋ ላይ አቁም። ቀድቶ ሲጨርስ ፕሮግራሙ መልሶ አንብቦ እንዲያመሳክር እዘዘው። የሚለጠፍ ወረቀትም አትለጥፍበት፤ ሚዛኑን አዛብቶ ሲሽከረከር ያርገበግበዋል።

ጥያቄ፦ «ኦሪጅናል የጃፓን» እያሉ የሚሸጡት እውነት ነው?

መልስ፦ ፊቱ ላይ የታተመው ስምና የሠራው ፋብሪካ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። እያንዳንዱ ባዶ ዲስክ ውስጥ የአምራቹ ኮድ ተጽፎበታል፤ ኢምግበርን (ImgBurn) የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ስታስገባ ያሳይሃል። በጃፓን ዲስክ ስሙ የገነነው ታይዮ ዩደን በ2015 ምርቱን አቁሟል። ቨርባቲም የሚባለው ዲስክ «አዞ» (AZO) በሚባለው ቀለሙ የታወቀ ነው፣ ባለቤቱ ግን ከ2019 ጀምሮ የታይዋኑ ሲኤምሲ ኩባንያ ነው። እኔ በስም አልገዛም፦ ሁለት ሦስት ፍሬ ወስጄ፣ ቀድቼ፣ ደካማ ማጫወቻ ላይ እስከ መጨረሻው አይቼ ነው ሃምሳውን የምወስደው። ፀሐይ በሚመታው የሱቅ መስኮት ላይ የከረመ ፍሬ ደግሞ በነፃም አልቀበል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነኝ። እኛ ጋ ይሞቃል፤ ዲስክ ይጎዳል?

መልስ፦ የኮምቦልቻ ሙቀት ብቻውን አይገድለውም። የሚገድለው የሐረጎን መንገድ ስትወርድ መኪናው መስታወት ሥር ፀሐይ ላይ መተው ነው፤ ብርሃንና ግለት ቀለሙን ይበላሉ። በሣጥኑ አቁመህ ቁም ሣጥን ውስጥ አኑረው። የእኛ የደሴ ጣጣ ደግሞ የክረምቱ እርጥበት ነው፤ ዲስኩን እምብዛም አይነካም፣ የድሮውን የቪዲዮ ካሴት ግን ያሻግታል። ካሴት ያላችሁ እሱን አስቀድማችሁ አስገልብጡት።

ጥያቄ፦ እየቀዳሁ መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ ያ ዲስክ ሄደ። ባትሪው ጤነኛ በሆነ ላፕቶፕ ቅዳ።

ጥያቄ፦ ስሙን በእስክሪብቶ ብጽፍበት?

መልስ፦ በእስክሪብቶ አትጫነው፤ ዲቪዲ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ዝርግ ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ነው። ጫፉ ለስላሳ በሆነ ማርከር፣ መሃል ቀዳዳው አጠገብ ጻፍ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እህቴ አሜሪካ ናት። የምልክላት ዲስክ ይጫወትላታል?

መልስ፦ ቤት የተቀዳ ዲስክ የአገር ገደብ የለውም፤ ችግሩ ሌላ ነው። እኛ የምንጠቀመው ፓል የሚባለውን የቴሌቪዥን ሥርዓት ነው፣ በሰከንድ 25 ምስል፣ ቁመቱ 576 መስመር። የእነሱ ኤንቲኤስሲ ወደ 30 ምስልና 480 መስመር ነው፣ ብዙ የአሜሪካ ማጫወቻዎችም ፓልን አይቀበሉም። ኮምፒውተር ላይ ያለ ችግር ይከፈትላታል። ቴሌቪዥን ላይ ማየት ከፈለገች ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጀምር ኤንቲኤስሲ ብለህ ምረጥ፤ ከተቀዳ በኋላ ማረም አይቻልም። ከመላክህ በፊት ደውለህ ማጫወቻ እንዳላት ጠይቃት፤ ከሌላት ፍላሽ ላይ አድርግላት።