«ሄደሩን አስገብቻለሁ፤ ለምን እምቢ አለኝ?»

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራቂ ነኝ። ለጁኒየር ፕሮግራመር ሥራ ሊኑክስ ተርሚናል ላይ የሲ (C) ቋንቋ ፈተና ሰጡኝ። ስኩዌር ሩት የሚያወጣው ፋንክሽን ላይ «አንዲፋይንድ ሪፈረንስ» (undefined reference) የሚል ኤረር መጣ። ሄደር ፋይሉን ሦስቴ አየሁት፣ አለ። ሰዓቱ አለቀ። በቃለ መጠይቁ ደግሞ ስለ ሊንከር ኦፕሽን ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ሲን ትቼ ወደ ዌብ ልዙር?

መልስ፦ እህቴ፣ በአንድ ፈተና ሲን አትፍቺው። የጎደለሽ የትእዛዙ መጨረሻ ላይ የምትጻፍ «ዳሽ ኤል ኤም» (-lm) ብቻ ናት።

ሄደር ፋይሉ ለኮምፓይለሩ «እንዲህ የሚባል ፋንክሽን አለ» ይለዋል እንጂ ፋንክሽኑን አልያዘም። ሊኑክስ ላይ የሒሳብ ፋንክሽኖች ለብቻቸው በአንድ ላይብረሪ (የተዘጋጁ ፋንክሽኖች ስብስብ) ተቀምጠዋል፤ ዳሽ ኤል ኤም የምትጠራው ይህንኑ ነው። ፈልጎ የሚያገናኝልሽ ሊንከሩ ነው። ያ ኤረር ሲመጣ ኮምፓይለሩ ሥራውን ጨርሷል ማለት ነው፤ ሄደሩ ላይ አታፍጪ።

ግቢ እያለሽ ለምን አላጋጠመሽም? ዊንዶውስ ላይ በዴቭ ሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በኮድ ብሎክስ ተምረሽ ከሆነ አይገርመኝም። እዚያ ያለ ዳሽ ኤል ኤምም ይሠራል። ሊኑክስ ላይም ቢሆን የ2ን ስኩዌር ሩት በቀጥታ ከጻፍሽ ኮምፓይለሩ ጂሲሲ (GCC) ራሱ አስልቶ ውጤቱን ያስቀምጣል፤ ሊንከሩ የሚፈልገው ነገር አይኖርም። ጉዱ የሚወጣው ቁጥሩን ከተጠቃሚ ስትቀበዪ ነው።

ቦታዋም ወሳኝ ነው። ሊንከሩ ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። ላይብረሪውን ከፋይልሽ ካስቀደምሽ፣ ገና ፈላጊ ስለሌለው ዘሎት ሊሄድ ይችላል። (እኔን ግማሽ ቀን በልታኛለች።)

ከሊንከር ኦፕሽኖች ትልቁ ኤል (-L) «የት ፎልደር ልፈልግ?» ለሚለው፣ ትንሹ ኤል (-l) «የትኛውን ላይብረሪ?» ለሚለው መልስ ነው። ግን ትልቁ ኤል የሚያገለግለው ሲገነባ ብቻ ነው። ሼርድ ላይብረሪ (ፕሮግራሙ ውስጥ ሳይገባ ለብቻው የሚቀመጥ) ከሆነ ፕሮግራሙ ሲነሳ የሚፈልገው ሌላ ነው፤ የሊኑክሱ ሎደር። «ተገነባ፣ ግን አልነሳም» የሚባለው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነው። ኤልዲዲ (ldd) የሚባለው ትእዛዝ የቱ ላይብረሪ እንዳልተገኘ ያሳይሻል። አርፓዝ (rpath) በሚባለው የሊንከር ኦፕሽን ደግሞ ላይብረሪው ያለበትን መንገድ ፕሮግራሙ ውስጥ ትጽፊለታለሽ። ጠያቂ ብሆን የምጠይቅሽ ይህንን ነው።

ኦፕሽን ግን አትሸምድጂ። ሁለት ትንንሽ ፋይሎች ጻፊ። አንዱን ስታቲክ ላይብረሪ (ሲገነባ ፕሮግራሙ ውስጥ የሚገባ) አድርጊው፣ ቅደም ተከተሉን ሆን ብለሽ አበላሺ፣ ኤረሩን አንብቢ። ከዚያ ሼርድ አድርጊውና የላይብረሪውን ፋይል ወደ ሌላ ፎልደር ውሰጂው። ቅዳሜና እሁድ ይበቃል።

ዌብ ከወደድሽ ሂጂ፣ ችግር የለውም። በሽሽት ግን አይሁን፤ ሊንከር እዚያም ይጠብቅሻል። «ጎ» (Go) በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሰርቨር የሚሠሩ ሰዎች የቨርዥን ቁጥሩን ፕሮግራሙ ውስጥ የሚከቱት ብዙ ጊዜ በሊንከር ኦፕሽን ነው።

ሲቪሽ ላይ «ሊንከር አውቃለሁ» ብለሽ አትጻፊ። ሙከራውን ጊትሃብ ላይ አስቀምጪና ሊንኩን ስጪያቸው። የወደቅሽበትን ፈተናም ዛሬ ማታ ድገሚው፤ ዳሽ ኤል ኤም መጨረሻ ላይ።