ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሞተር ለሚያስነሳ

የወንድማችን ጥያቄ አጭር ናት። ደብረ ብርሃን ተመድቧል። በየጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ሞተር አስነስቶ 25 ኪሎ ሜትር ርቆ ወደሚገኝ የገጠር ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሁለት ጃኬት ይደርባል፣ ከላይ ጋቢ ይጨምራል። ሲደርስ ግን እጁ ደንዝዞ እስክሪብቶ መያዝ ያቅተዋል። «ምን ልግዛ?» ይላል።

እኔ እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ በእንስሳት ክትባት ሥራ 11 ዓመት ሞተር ነድቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ያማሃ ኤጂ 100 ላይ። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው ነው፣ ቡናህን ይዘህ አንብበው።

መጀመሪያ ጋቢውን አውልቅ። ጋቢ እቤት፣ እሳት ዳር ንጉሥ ነው። ሞተር ላይ ግን ወንፊት ነው። ጥጥ ነው፣ ሽመናው ሳሳ ያለ ነው፣ ንፋስ ሰተት ብሎ ያልፍበታል። ከዚያ በላይ ደግሞ አደገኛ ነው። የአንድ ባልደረባዬ ጋቢ ጫፉ ተፈትቶ የኋላ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ነበር። ጋቢው ተቀደደና እሱ ተረፈ። ባይቀደድስ? እኔ ማሰቡን አልወደውም።

ሁለት ጃኬት ለብሰህ የበረደህ ጃኬት ስላነሰህ አይደለም። ቆመህ ስትውል ሰውነትህ በዙሪያው ያለውን አየር ያሞቀዋል፣ ያ የሞቀ አየር ደግሞ እንደ ልብስ ይሆንልሃል። ስትነዳ ንፋሱ ገፎ ይወስደዋል። አየሩ 5 ዲግሪ በሆነበት ጠዋት በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ብትነዳ፣ ያልተሸፈነ ቆዳህ ላይ የሚሰማህ ብርድ ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ጥሎ አየሩ ዜሮ ከደረሰማ፣ በዚያው ፍጥነት ከዜሮ በታች ወደ 9 ይጠጋል። በ40 ስትነዳ ከ60 የተሻለ የሚሞቅህም ለዚህ ነው። እኔ ከረፈደብኝ ቀን ይልቅ ቀደም ብዬ ወጥቼ ቀስ ብዬ የነዳሁበት ቀን ሞቆኝ እደርሳለሁ።

ስለዚህ ከላይ የሚያስፈልግህ ንፋስ የማያሳልፍ ነገር ነው። ውድ መሆን የለበትም። የዝናብ ልብስ አለህ አይደል? ፀሐይ ቢሆንም ከጃኬቱ በላይ ልበሰው። አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ጥብቅ ይበል። ከታች ቀጥታ ገላህን የሚነካው ሱፍ ይሁን እንጂ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ይጠጣና እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ሱፍ ግን እርጥበት ቢይዝም ሙቀት አይነፍግህም። ሳልባጅ ተራ ሄደህ ስሱን የሱፍ ሹራብ ፈልግ፣ ክርክሩን አትፍራ።

ሁለተኛውን ጃኬት ደግሞ በካርቶን ቀይረው። አትሳቅ። የደረትህን ስፋት የሚያክል ካርቶን ቆርጠህ ከጃኬቱ በታች፣ ከሹራቡ በላይ አድርገው። ድሮ ጋዜጣ እናደርግ ነበር፣ አሁን ጋዜጣ ማግኘት ከጃኬት ይከብዳል። አውሮፓ ውስጥ የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ተራራ ወጥተው ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ጋዜጣ ተቀብለው ማሊያቸው ውስጥ የሚከቱት ለዚሁ ነው። ስትደርስ ካርቶኑን አውጥተህ ጠረጴዛህ ሥር ታስቀምጠዋለህ፣ ማታ መልሰህ ታደርገዋለህ። የቢሮ ሰዎች ለሳምንት ይስቁብሃል፣ ከዚያ ይለምዱታል።

ደረትህ ላይ ይሄን ያህል የቆየሁት በእጅህ ምክንያት ነው። ሰውነትህ መሃሉ መቀዝቀዝ ሲጀምር ደሙን ለልብና ለሳንባ ያስቀድማል፣ ወደ እጅና እግር የሚልከውን ይቀንሳል። ደረትህ ከቀዘቀዘ ምርጥ የተባለውን ጓንት ብታደርግም እጅህ ይደነዝዛል። ሰው ጓንት ይቀያይራል፣ ጓንት ይራገማል፣ ችግሩ ያለው ግን የተከፈተው የጃኬት አንገት ላይ ነው።

እጅ ለምን እንዲህ እንደሚያስጨንቀኝ ልንገርህ። አንድ የታኅሣሥ ጠዋት በአስፋልቱ ወደ ጫጫ ከተማ እየሄድኩ ነበር። ከኋላዬ የበግ ፈንጣጣ ክትባት የያዘ የበረዶ ሳጥን ታስሯል። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ውስጥ መቆየት አለበት። ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ሳስበው የዚያን ቀን ክትባቱ ከእኔ የተሻለ ሞቆት ነበር። አንድ እረኛ በጎቹን አስፋልቱን ሲያሻግር ከሩቅ አየሁ። ጊዜ ነበረኝ። የፊት ፍሬኑን ልይዝ ጣቶቼን አዘዝኳቸው፣ እነሱ ግን ወይ ፍንክች። ልክ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሰው ዝግ ብለው መታጠፍ የጀመሩት በጎቹ አፍንጫ ሥር ስደርስ ነው። በእግር ፍሬን ብቻ እየተንሸራተትኩ ቦዩ ውስጥ ገባሁ። በጎቹ ደህና፣ ክትባቱም ደህና። ልጁ ሮጦ መጣና ትንሽ አየት አድርጎኝ «ጋሼ፣ ጠጥተዋል እንዴ?» አለኝ።

ሞተሩን አቁመን አቅራቢያ ካለ ሻይ ቤት ገባሁ። ብርጭቆውን በሁለት መዳፌ ይዤ ጠጣሁ። ልከፍል ስል የኪሴን ዚፕ መክፈት አቃተኝ። ዚፑ ይታየኛል፣ ጣቴ ግን የነካው አይመስለውም። ባለቤቷ እናት «ወዲህ በል ልጄ» ብለው ራሳቸው ከፈቱት፣ ብሩን አወጡ፣ መልሱን ከተቱና ዚፑን ዘጉልኝ። በዚያ እጅ ነው እንግዲህ ፍሪሲዮንና ፍሬን ይዤ 20 ኪሎ ሜትር የነዳሁት።

ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ነገር ይኸውልህ። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ወስደህ እጠበው። ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቀው። እያንዳንዱ ግማሽ እንደ ጋሻ ሆኖ ከመሪው ፊት ለፊት ጣትህን ይሸፍናል። አንዱን ጎን በስፖኪዮው እግር ላይ በብሎን፣ ሌላውን በሽቦ እሰረው። ሽቦው ብቻውን ከሆነ ይንቀጠቀጣል፣ ከሥሩ ከአሮጌ ካመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ጠቅልልበት። ስትጨርስ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙረው። ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም ሙሉ በሙሉ ጨብጥ። ፕላስቲኩ አንዳቸውንም ከነካ ቁረጠው። ጋዙንም ሳብ አድርገህ ልቀቅ፣ ራሱ መመለስ አለበት። በዚህ አትቀልድ። ይሄ ጀሪካን ለእጄ ካደረግሁለት ነገር ሁሉ ይበልጣል፣ ከገዛሁትም ጓንት ይበልጣል።

ጓንት ያስፈልግሃል፣ ግን ልክህ የሆነውን አትግዛ። ጣትህን ጨብጠህ ስታጥፈው ጫፉ ላይ ትንሽ አየር መቅረት አለበት። የጠበበ ጓንት ደም ያስቆማል። ከላይ ቆዳ፣ ከውስጥ ሱፍ የሆነ ካገኘህ ጥሩ። ካላገኘህ የሱፍ ጓንት አድርገህ ከላዩ ሰፊ የቆዳ የሥራ ጓንት ደርብ። የጓንቱ አፍ የጃኬቱን እጅጌ ይዋጠው፣ በእጅጌ የገባ ንፋስ ብብትህ ድረስ ነው የሚሄደው። መሪውንም አንቀህ አትያዝ። ሰው ሲበርደው ይጨብጣል፣ ሲጨብጥ ደሙ አይዞርም፣ ደሙ ሳይዞር ይበልጥ ይበርደዋል።

በኤሌክትሪክ ስለሚሞቅ የመሪ እጀታ የጠየቀም አለ። አሜሪካ ያለ የአጎቴ ልጅ ልኮልኝ አስገጥሜው ነበር። አሥር ቀን ገነት ነበርኩ። በአሥራ አንደኛው ቀን መብራቴ ፈዘዘ፣ ጥሩንባው ድምፁ ጠፋ፣ ባትሪው ሞተ። የእነዚህ ትንንሽ ሞተሮች ጄኔሬተር የሚያመነጨው ለመብራትና ለካንዴላው እሳት ብቻ የሚበቃ ነው፣ ምድጃ ጨምርልኝ ስትለው ከባትሪው ይበደራል። ትልቅ ሞተር ያለው ይሞክር። እኔና አንተ ጀሪካናችንን እንያዝ።

ጉልበት ሰው የሚረሳው ቦታ ነው። ሞተር ላይ ንፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበለው ጉልበትህ ነው፣ ዕድሜህ 40 ሲያልፍ ሒሳቡን ይልክልሃል። የመንዝ ሰው ከበጉ ጠጉር የሚያሠራውን ባና ታውቀዋለህ፣ ያ ከባዱ፣ ሲነካ የሚኮሰኩሰው ብርድ ልብስ። አሮጌ ባና ፈልገህ ለልብስ ሰፊ ስጠውና ከጭንህ እስከ ቅልጥምህ የሚደርስ፣ ከኋላ በማሰሪያ የሚታሰር ሁለት ቁራጭ አሠራ። ከሱሪህ በላይ አድርገህ የዝናብ ሱሪውን ከላይ ትለብሳለህ። እኔ ከተረፈው ላይ የወገብ መታጠቂያም አሠርቻለሁ። መልኩን አትጠይቀኝ።

እግርን ባጭሩ። ሦስት ካልሲ ደርበህ ጠባብ ጫማ ውስጥ መክተት ከአንድ ካልሲ የባሰ ያበርዳል፣ ምክንያቱን ጓንቱ ላይ ነግሬሃለሁ። አንድ የሱፍ ካልሲ፣ ከላዩ ፌስታል፣ ከዚያ ሰፋ ያለ ቦት። ፌስታሉ ላብ ስለሚያቁር ስትደርስ አውጣው።

የሄልሜቱ መስታወት በትንፋሽህ ከደፈነብህ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አንዲት ጠብታ በውስጥ በኩል ቀባና በደረቅ ጨርቅ እስኪጠፋ ድረስ ወልውለው። ሻርፑን ከአፍንጫ በታች እሰረው፣ አፍንጫህን ከሸፈንክ ትንፋሹ ወደ ላይ ይወጣል። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማ በር ላይ ጉም ከያዘህ ይሄ ሁሉ አይሠራም፣ መስታወቱን ከፈት አድርገህ ቀስ ብለህ መንዳት ነው።

ጣርማ በርን ካነሳሁ አይቀር፣ አንዳንዴ ወደ ሸዋ ሮቢት ትወርድ ይሆናል። እዚያ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲቀንስ አየሩ በ6 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። ጣሊያን የሠራውን ዋሻ አልፈህ ደብረ ሲና ስትደርስ ሰውነትህ ይፍታታል፣ ዝቅ ስትል ላብ ያጠምቅሃል። የሚያስቸግረው ግን መውረዱ ሳይሆን ማታ ስትመለስ ነው። ከገላህ ጋር የተጣበቀው እርጥብ ሸሚዝ ዳገቱ ላይ በረዶ ይሆንብሃል። እኔ ደብረ ሲና ላይ ቆሜ አወልቃለሁ፣ ስመለስም እዚያው ቆሜ ደረቅ ካናቴራ ቀይሬ ነው ዳገቱን የምጀምረው። ቦርሳ ውስጥ አንድ ካናቴራ ምን ይከብዳል?

አንዱ ወንድማችን «አንድ መለኪያ አረቄ ነፍስ ያድሳል» ብሎ መክሯል። ይቅርታ ያድርግልኝና ይሄ ሰው ይገድላል። አረቄ የቆዳን የደም ሥር ይከፍታል፣ ፊትህ ይግላል፣ የሞቀህ ይመስልሃል። ነገር ግን ከውስጥ የነበረው ሙቀት ነው ወደ ቆዳህ ወጥቶ ንፋሱ የሚበላው። የነጂነቱን ነገር አልጨምርበትም። ይልቅ ከመውጣትህ በፊት በሶህን በጥብጠህ ጠጣ፣ ወይም ትኩስ አጥሚት። ባዶ ሆድ የሚያሞቀው ነገር የለውም። ኪስህ ውስጥ ቆሎ ይኑር።

አሁን ደግሞ መቼ እንደምትቆም። በየ10 ኪሎ ሜትሩ አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣትህ ጫፍ ጋር አገናኛት። ከተገናኙ ቀጥል። ካቃታቸው ቁም፣ ማቆሚያ ቦታ እስክታገኝ ብለህም አትዘግይ። እጅህን ብብትህ ሥር ክተት፣ ዝለል፣ ተራመድ። የሞተሩን ሲሊንደር አትያዝ። የደነዘዘ ቆዳ ሲቃጠል አይታወቀውም፣ የተላጠ መዳፍ በዓይኔ አይቻለሁ። መንቀጥቀጥ ከጀመርክ ሰውነትህ ገና እየታገለ ነው። ሳይሞቅህ መንቀጥቀጡ ካቆመ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለህ ወይም ምላስህ ከተሳሰረ ግን ያ ቀን ሥራ የለም። ያገኘኸውን ቤት አንኳኳ። የደብረ ብርሃን ገበሬ «ቤት ለእንግዳ» ሳይል አይመልስህም።

አንድ ነገር ደግሞ ከአለቃህ ጋር ተነጋገር። ሌሊቱን ሙሉ የቀዘቀዘው አየር ዝቅተኛው ላይ የሚደርሰው ልክ ፀሐይ ስትወጣ አካባቢ ነው፣ አንተ ሞተር የምታስነሳበት ሰዓት። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ በ1 ሰዓት ተኩል ወጥተህ ማታ ላይ ብታካክስ ካርቶኑም ላያስፈልግህ ይችላል። የእኔ አለቃ አልፈቀደልኝም ነበር፣ ቦዩ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ግን ፈቀደ።

የሞተርህን ዓይነት ጻፍልኝ፣ የጀሪካኑን አቆራረጥ ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ። የኔው አሁንም ሞተሩ ላይ ነው። «ንጹህ የምግብ ዘይት» የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው የደበዘዘው።